የምዜው ሬዲዮና ሁለተኛው ወረቀት

ይህ የሆነው በፈረንጆቹ 2022 መጀመሪያ ላይ፣ ገናን ካከበርን ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ፣ እዚሁ ካምፓላ ነው። ከዚያ ወዲህ ታምሜ ተኝቻለሁ፣ ቦዳ በሚሉት የሞተር ታክሲ ላይ ተቀምጬ ስልኬን ተነጥቄአለሁ፣ ሁለት ጊዜ ቤት ለቅቄአለሁ። ያ ሁሉ ተረስቶኛል። ይህኛው ግን አልረሳ ያለኝ ጥፋቱ የእኔ ብቻ ስለነበረ ነው።

ስሜ ደረጀ ይባላል። አገር ቤት የስልክ ቴክኒሺያን ነበርኩ። እዚህ በስደት ከመጣሁ በኋላ ኢንዱስትሪያል ኤሪያ ውስጥ አንዲት ጠባብ ወርክሾፕ ተከራይተን ሬዲዮ፣ አምፕሊፋየር፣ ኢንቨርተር የመሳሰለውን እንጠግናለን። «ተከራይተን» የምለው ክብሮምን ጨምሬ ነው። ክብሮም ትግራይ ተወልዶ ያደገ፣ በዕድሜ አሥር ዓመት ያህል የሚያንሰኝ፣ በእጅ ሥራ ግን የሚበልጠኝ ሰው ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ በአንድ ጠረጴዛ ፊት ለፊት ተቀምጠን ስንሠራ አንድም ቀን ክፉ ቃል ተነጋግረን አናውቅም ነበር።

ከመጀመሪያው ልናዘዝ፤ እኔ ተጠራጣሪ ነኝ። ጓደኞቼ «ደረጀ እኮ ቀብድ የሰጠውን ደንበኛ ይጠረጥራል» እያሉ ይስቁብኛል። እውነታቸውን ነው። ደግሞ በዚያ ሰሞን መጠርጠር የእኔ ብቻ ሥራ አልነበረም። አገር ቤት ጦርነት ነበር። እዚህ ያለነው ሐበሾች ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ስንሳሳም እንኳ ማን ከየት እንደሆነ በልባችን እንቆጥር ነበር። ክብሮም ስልኩ ሲጠራ ወደ ውጭ መውጣት አበዛ። ድሮ ፊቴ ተቀምጦ ነበር የሚያወራው። አሁን ግን ተነስቶ ይወጣና አጥሩ ሥር ቆሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ በትግርኛ ያወራል። ተመልሶ ሲቀመጥ ምን እንደሆነ አልጠይቀውም፤ እሱም አይነግረኝም።

እንዲህ ባለንበት ነው አንድ ሽማግሌ ካርቶን አቅፈው የመጡት። እዚህ አገር ሽማግሌን በአክብሮት ምዜ ይሏቸዋል፤ እኛም እስከ ዛሬ የምንጠራቸው ምዜ እያልን ነው። ሙየንጋ ኮረብታው ላይ የሚኖሩ ጡረተኛ መምህር ናቸው። የሸሚዛቸውን ቁልፍ እስከ አንገታቸው ቆልፈዋል፤ ካርቶኑን ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጡ እንደ ሕፃን ነው ዝቅ ያደረጉት።

«ሬዲዮ ነው» አሉ። «ይሰማል፣ ግን አይናገርም።»

«አይናገርም» ሲሉ ድምፁ የለም ማለታቸው መስሎኝ ነበር። ለካ ሬዲዮው የሚሰማበት ብቻ ሳይሆን የሚናገሩበትም ነው። ሰው ፈቃድ አውጥቶ ቤቱ ተቀምጦ፣ ያለ ንግድ ያለ ጥቅም፣ በአየር ከሌላ አገር ሰው ጋር የሚጨዋወትበት የአማተር ሬዲዮ። ተበታትኖ በፓኬት ይሸጣል፤ ገዢው እያንዳንዷን ዕቃ ራሱ በይዶ ይገጣጥመዋል። ምዜው በኮሮና ከቤት አትውጡ በተባለበት ጊዜ ነበር ገዝተው የገጣጠሙት።

ወዲያው ሥጋት ገባኝ። የስደተኛ ወረቀት የያዘ ሰው ጠረጴዛው ላይ ድምፅ የሚያስተላልፍ ሬዲዮ ቢገኝበት ማን ያምነዋል?

«ፈቃድ አለዎት?» አልኳቸው ሰላምታውን እንኳ በቅጡ ሳልጨርስ።

ምዜው አልተቀየሙም። ከደረት ኪሳቸው በላስቲክ የተለበጠ ካርድ አውጥተው ሰጡኝ። ግራና ቀኙን አየሁ። መብራት ላይ አድርጌ አየሁ። ፎቶውንና ፊታቸውን አስተያየሁ። ክብሮም «ጋሽ ደረጀ፣ ኤርፖርት አደረግከው እኮ» ብሎ ሳቀ። ምዜውም ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም።

ከሬዲዮው ጋር አንድ ክላሰር ሰጡን። ውስጡ የቦርዱ ወረቀቶች ነበሩ። የመጀመሪያው ወረቀት ዕቃዎቹ ከላይ የተተከሉበትን ያሳያል፤ ሁለተኛው ደግሞ ከሥር ያሉትን የመዳብ መስመሮችና የብየዳ ነጥቦች። እንዲህ ያለ ነገር ለእኛ እንደ ሠርግ ነው። ብዙ ጊዜ የሚመጣልን ወረቀት የሌለው ዕቃ ስለሆነ፣ የብየዳ ካውያ ከማስነካታችን በፊት ቦርዱን ራሳችን በደብተር እንሥለዋለን። ክብሮም የሣለውን እኔ ሳልጠራጠር እቀበላለሁ፤ እኔ የሣልኩትንም እሱ። በሕይወቴ ሳልጠራጠር የምቀበለው ነገር ያ ደብተር ብቻ ነበር ብል ውሸት አይሆንም።

ምዜው ሊወጡ ሲሉ ክብሮም ተከትሏቸው በሩ ድረስ ሄደ። «ይሄ ሬዲዮ ኢትዮጵያ ድረስ ይደርሳል?» ሲላቸው ሰማሁ።

«አየሩ ሲመች ከዚያም ያልፋል» አሉት። «ግን እዚያ ተቀምጦ የሚመልስልህ ሰው ያስፈልጋል።»

ከዚያ በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ረጅም ሰዓት አወሩ። እኔ ቴስተሩን ይዤ የምሠራ መስዬ ጆሮዬን አቁሜአለሁ፤ ግን ከመንገዱ የጭነት መኪና ድምፅ የተነሣ አንድም ቃል አልያዝኩም። ክብሮም ሲመለስ ዓይኑ ቀልቷል። ምን አወራችሁ አላልኩትም። ለራሴ ግን «ይሄ ሰው ሬዲዮውን ለምን ፈለገው?» አልኩ።

በማግስቱ የስደተኛ ወረቀቴን ለማሳደስ ሄጄ ሙሉ ቀን ሰልፍ ላይ ዋልኩ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ስገባ የካርቶኑ ፕላስተር ተከፍቷል። ክብሮም ገና አልመጣም ነበር። ቦርዱን አውጥቼ ገልብጬ አየሁት፤ ሁለተኛውን ወረቀትም ከጎኑ ዘረጋሁ።

ጉዳዩ ያለው አንድ የብረት ሳህን ሥር ነው። እዚያ ሁለት ባለ ሦስት እግር ዕቃዎች ጎን ለጎን ተገጥመዋል። በመልክ መንታ ናቸው። አንዱ ድምፁን ወደ አየር የሚገፋው ትራንዚስተር ነው፤ ሁለተኛው ለሬዲዮው የሚገባውን ኤሌክትሪክ የሚመጥነው ነው። ወረቀቱ ላይ ትራንዚስተሩ በግራ ነው። ቦርዱ ላይ ከግራ በኩል ካሉት እግሮች የሚነሣውን መስመር ስከተል ግን ወደ ኤሌክትሪክ መግቢያው ወሰደኝ። እንደገና ተከተልኩ፤ ያው ነው። ደግሞ የስድስቱም እግር ብየዳ አዲስ ነው፤ ያብረቀርቃል።

እዚያው ፍርዴን ሰጠሁ። ክብሮም አቀያይሯቸዋል። ለምን? ሬዲዮው አይድንም ተብሎ ምዜው እንዲተዉት። ከዚያ ለራሱ ሊወስደው። ወስዶ ምን እንደሚያደርግበት አላውቅም፤ አንድ ነገር እንደሚያደርግበት ግን እርግጠኛ ነበርኩ።

በዕቃዎቹ ጀርባ ላይ ስማቸው ተጽፏል። ብረቱን የያዘውን አንድ ብሎን በካቻቢቴ ፈትቼ ባነበው ሁሉም ነገር በሁለት ደቂቃ ይገለጥ ነበር። አልፈታሁም። ሃያ ስድስት ዓመት በዚህ ሙያ ስሠራ አንድን ነገር ሳላረጋግጥ ያመንኩት ያን ጠዋት ነው።

ክብሮም ሮሌክስ የሚሉትን፣ በቻፓቲ የተጠቀለለ እንቁላል፣ በጋዜጣ ይዞ እየበላ ገባ። ለእኔም አንድ ገዝቶልኝ ነበር። አልተቀበልኩትም።

«ትናንት ይሄን ከፍተኸው ነበር?»

«አዎ፣ አየሁት።»

«ማየት ብቻ?»

«ማየት ብቻ። አንተ ሳትኖር ምን ብዬ እነካዋለሁ?»

«ይሄ ብየዳ ግን አዲስ ነው። ዕቃዎቹም ተቀያይረዋል።»

ጎንበስ ብሎ አየ። ከዚያ ወረቀቱን አየ። «ብየዳው የእኔ አይደለም፣ እኔ እንዲህ አላዝረከርክም። ደግሞ ጋሽ ደረጀ፣ እስቲ ወረቀቱን ገልብጠህ …»

«ወረቀት ማንበብ አንተ ነህ የምታስተምረኝ?» ብዬ ጮህኩበት። በሦስት ዓመት ውስጥ የመጀመሪያዬ ነው። አፉ ውስጥ ያለውን ዋጠና ዝም አለ። ዝም ማለቱንም እንደ ማመን ቆጠርኩበት።

የወርክሾፑ ባለቤት ግቢው ውስጥ የምትኖር ሴት ነች። መንታ ስለወለደች በአገሩ ደንብ ሁሉም ናሎንጎ ይላታል። ቤቷን ስታከራየን የነገረችን አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የደንበኛ ዕቃ አጭበርብሮ የነካካን ሰው አንድ ቀንም አላሳድርም ብላለች። በቀጥታ ወደ እሷ ሄድኩ። «ለዚህ ሬዲዮ ኃላፊነት አልወስድም፤ እኔ በሌለሁበት የነካካው ሰው አለ» አልኳት።

«ማነው?» አለችኝ።

ስም አልጠራሁም። ቁልፉ ያለን ሁለታችን ብቻ ስለሆንን መጥራትም አላስፈለገኝ። ናሎንጎ ወንድን በአክብሮት በሚጠሩበት ቃል «ሴቦ፣ ይሄ እኮ ተራ ሬዲዮ አይደለም። ነገ ፖሊስ ቢመጣ የሚያንኳኳው የእኔን በር ነው» አለች። ተነሥታ ወደ ወርክሾፑ ሄደች።

ክብሮም አልተከራከራትም። ቁልፉን ከቀለበቱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ዕቃውን በአንድ ማዳበሪያ ከረጢት ሰበሰበ። ካውያውን ግን አልወሰደም። እየነቀለው መስሎኝ ስጠብቅ ወደ እኔ ገፋ አደረገልኝ። «ያንተ ጫፉ አልቋል፤ የምዜን ሥራ በዚህ ጨርስ» አለና ወጣ። እዚህ አገር ቤተሰብ የሌለው፣ ሌላ ሥራ የሌለው ሰው ነበር። ይህንን አውቅ ነበር። ያን ዕለት ማታ ግን እውነቱን ልናገር፣ ጥሩ እንቅልፍ ተኛሁ።

በማግስቱ «ተቀያይረዋል» ያልኳቸውን ዕቃዎች ወደ ቦታቸው ልመልስ ተቀመጥኩ። ለመንቀል መጀመሪያ ብሎኑን መፍታት ግድ ነው። ፈታሁት። ብረቱን አነሣሁ። በጨርቅ ጠርጌ ስማቸውን አነበብኩ።

ሁለቱም በትክክለኛ ቦታቸው ነበሩ።

መነጽሬን አውልቄ ጠርጌ እንደገና አነበብኩ። ከዚያ ወረቀቱን አነሣሁ። ክብሮም «ገልብጠህ» ያለው ነገር ያን ጊዜ መጣብኝ። ወረቀቱን ጀርባውን ወደ እኔ አዙሬ መስኮቱ ላይ ለጥፌ በብርሃን አየሁት። እያንዳንዱ መስመር ከቦርዱ ጋር ገጠመ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእጅዎን መዳፍ ቢያዩ አውራ ጣትዎ በአንድ በኩል ይሆናል፤ እጅዎን ሲገለብጡት ወደ ሌላው ይዞራል። እኔ በተማርኩበት ቤት የቦርድ ሥር የሚሣለው ቦርዱን ገልብጠው ሲያዩት እንደሚታየው ነው። የዚህ ሬዲዮ ወረቀት የተሣለው ግን ቦርዱ እንደ መስኮት መስታወት ቢሆን ከላይ ሆነው ሥሩን ሲያዩት እንደሚታየው ነበር። ስለዚህ ግራው ቀኝ ነው፣ ቀኙ ግራ። ወረቀቱ ግርጌ ላይ በደቃቅ ፊደል «ከላይ እንደሚታየው» የሚል ተጽፏል። ሃያ ስድስት ዓመት የሠራሁ ሰው ያችን አንድ መስመር አላነበብኩም።

ያም ሆኖ ጥርጣሬ በቀላሉ አይለቅም። «እሺ፣ ብየዳውስ ለምን አዲስ ሆነ?» አልኩና ምዜው ጋ ደወልኩ። ከሰዓት በኋላ መጡ። ብየዳውን ሳሳያቸው አንገታቸውን ደፉ።

«እኔ ነኝ» አሉ። «ወደ እናንተ ከመምጣቴ በፊት ራሴ ሞክሬው ነበር። ያንን በየድኩ፣ ያንን ጥቅል ሽቦም አዲስ ጠመጠምኩ። ለመናገር አፈርኩ።»

ደንበኛ ራሱ እንደነካካው መቼም አይናገርም። ይህን በሙያችን የማያውቅ ሰው የለም። እኔም እያወቅኩ ነው የረሳሁት።

ምዜው ዙሪያውን አዩ። «ያ ጓደኛህ የት ሄደ? ሬዲዮው ሲሠራ እሑድ እሑድ ቤቴ መጥቶ እንዲያዳምጥ ቀጥሬዋለሁ።»

«ምን ሊያዳምጥ?»

«እናቱ ያሉበት አገር ስልክ ከተቆረጠ ሰባት ወሩ ነው አይደል? በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ አያውቅም። በየቦታው ያሉ ዘመዶቹም ሲደውሉለት የሚነግሩት ነገር የላቸውም። ምናልባት ከዚያ አካባቢ አንድ ሰው በሬዲዮ ቢገኝ ብሎ ለመነኝ። አይገኝም ብዬዋለሁ፤ ግን ማዳመጥ ምን ይጎዳል?» ከዚያ ገረማቸውና «ላንተ አልነገረህም?» አሉኝ።

ሰባት ወር ፊቴ ተቀምጧል። ስልክ ይዞ የሚወጣው ለቅሶ ቢመጣበት እንዳላየው ኖሯል። እኔ ግን የአጥሩን ሥር ሹክሹክታ ስቆጥር ነበር። አፍሬ ምዜው ፊት አለቀስኩ።

በዚያው ሰዓት ናሎንጎ ጋ ሄጄ እውነቱን ነገርኳት። የተቆጣችው ባጠፋሁት ጥፋት አልነበረም። «ማነው ብዬ ስጠይቅህ ለምን ዝም አልክ? ስሙን ብትጠራ እሱንም ጠርቼ እጠይቀው ነበር» አለችኝ። ከዚያ የክብሮምን ቁልፍ ከመሳቢያዋ አውጥታ ሰጠችኝ። «አንተው ውሰድለት፤ እኔ አልሄድልህም።»

ስልኩን አላነሣ አለኝ። ሠፈር ለሠፈር ስጠይቅ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። በመጨረሻ ሙንዮንዮ ሐይቁ ዳር አንድ ሆቴል ውስጥ ለሠርግ ድምፅ ማጉያ ከሚተክሉ ሰዎች ጋር የቀን ሥራ መያዙን ሰማሁ። ቦዳ ይዤ ሄድኩ። ሣሩ ላይ ተንበርክኮ ገመድ እየጠቀለለ አገኘሁት። ቀና ብሎ አየኝ፤ መጠቅለሉን አላቆመም።

«ክብሮም፣ አጥፍቻለሁ። ወረቀቱ ከላይ የታየ ነው» አልኩት።

«አውቃለሁ» አለ። «ባየሁት ቀን ነው ያወቅኩት። ልነግርህ ነበር እኮ።»

«ይቅርታ አድርግልኝ። ስለ እናትህም … አላወቅኩም ነበር።»

ገመዱን ጨርሶ ጠቀለለና አስቀመጠው። «ጋሽ ደረጀ፣ ሌባ ስላደረግከኝ አይደለም የከፋኝ። ሰው ይሳሳታል። ድሮ ቢሆን ገልብጠው ስልህ ትገለብጠው ነበር፤ ከዚያ ተሳስተህ ቢሆን እንስቃለን፣ ተሳስቼ ቢሆን ትስቅብኛለህ። አሁን ግን ቃሉ ከእኔ አፍ ስለወጣ ብቻ አልገለበጥከውም።»

እግሩ ላይ ልወድቅ ጎንበስ ስል በክንዱ ያዘኝና «ተው፣ ሰው ያየናል» አለኝ። ቁልፉን ተቀበለኝ። ሰኞ ጠዋት ወንበሩ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት።

ሬዲዮውን አብረን ጨረስነው። ችግሩ ምዜው አዲስ በጠመጠሙት ሽቦ ላይ ነበር። እንዲህ ያለ ሽቦ ላዩ በቀጭን ቫርኒሽ የተቀባ ነው፤ ጫፉ በምላጭ ካልተፋቀ ቢበየድም ኤሌክትሪክ አያልፍበትም። ምዜው አልፋቁትም ነበር። ክብሮም ፋቀው፣ በየደው፤ ሬዲዮው ተናገረ። ከዚያ በኋላ ብዙ እሑዶች ሙየንጋ እየወጣ ከምዜው ጋር ተቀምጦ አዳምጧል። የብዙ አገር ሰው ድምፅ ሰማ። የእናቱን አገር ሰው ግን አላገኘም።

ዛሬም አንድ ጠረጴዛ ላይ ነን። እንበላለን፣ እንጫወታለን፣ በፈቃድ ካርዱ ነገር እስካሁን ይስቅብኛል። ይቅር ብሎኛል ብዬ አምናለሁ። ግን ከተመለሰበት ቀን ጀምሮ አንድ ልማድ አምጥቷል። እኔ የያዝኩትን ዕቃ ከነካ፣ ወደ ቤቱ ከመሄዱ በፊት ይጠራኛል። ቦርዱን ከላይም ከሥርም በስልኩ ፎቶ ያነሣል። «እይ» ይለኛል። አያለሁ። ከዚያ ፎቶውን ይልክልኛል። አንድ ቀን «ተው በቃ ክብሮም፣ እኔ አምንሃለሁ» ብዬ ለመንኩት። «ላንተ ብዬ አይደለም፣ ለራሴ ነው» አለኝ፤ ቁጣ አልነበረበትም።

ከዓመት በላይ ቆይቶ ስልክ ሲከፈት እናቱን አገኛቸው። በሕይወት አሉ። ይህን የምሥራች የነገረችኝ ናሎንጎ ነች፤ ክብሮም ለእሷ ሮጦ ሄዶ ነግሯት፣ ሁለቱም ሲያለቅሱ እንደነበር አጫወተችኝ። ወደ ወርክሾፑ ስገባ ሥራውን ይዟል። አቅፌ እንኳን ደስ አለህ አልኩት። «አመሰግናለሁ ጋሽ ደረጀ» አለኝና ፈገግ አለ። ከዚያ ሥራው አልቆ ስለነበር ቦርዱን አዞረልኝና ስልኩን አወጣ።